ስለ ኦርጋኒክ ውህዶች ኬሚካላዊ ትንተና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከአፈር ወይም ከውኃ የተወሰደ ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ በወረቀት ሲመጣ፣ የአንባቢው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ወይም «ተገኝቷል»፣ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ላይ ነው። ቁጥሩ ግን ብቻውን አይቆምም፤ ናሙናው እንዴት ተወሰደ፣ በምን ፈሳሽ ተዘፈዘፈ፣ በየትኛው መሣሪያ ተለየ፣ ከምን ጋር ተመሳከረ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከጀርባው አሉ። ከዚህ በታች የተነሡት የተሳሳቱ አመለካከቶች በተማሪዎች፣ በነጋዴዎች፣ በጤና ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም በእኛ በላቦራቶሪ ሠራተኞች ዘንድ ጭምር የሚደጋገሙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚመነጩት የላቦራቶሪ ውጤት ለተጠየቀው ጥያቄ ብቻ የሚሰጥ መልስ መሆኑን ከመዘንጋት ነው።

«ኦርጋኒክ የሆነ ነገር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

በገበያ ላይ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል በአብዛኛው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የተመረተን ሰብል ያመለክታል። በኬሚስትሪ ግን፣ እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሉ ጥቂቶች በልማድ ከመገለላቸው በስተቀር፣ የካርቦን ውህዶች ሁሉ መጠሪያ ነው። ዲዲቲ 14 የካርቦን፣ 9 የሃይድሮጅንና 5 የክሎሪን አቶሞች ያሉት ኦርጋኒክ ውህድ ነው። ስትሪክኒንና ኒኮቲን ደግሞ የማንም ፋብሪካ እጅ ሳይነካቸው ዕፅዋት ራሳቸው የሚሠሯቸው ኃይለኛ መርዞች ናቸው። በእህልና በለውዝ ላይ የሚያድግ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲንም ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው፤ ሆኖም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ንጥረ ነገሮች ተርታ ተመድቧል።

«ከዕፅዋት የወጣው ሞለኪውል በፋብሪካ ከተሠራው ይለያል»

ይህ አመለካከት ረጅም ታሪክ አለው። ኦርጋኒክ ውህዶችን ሊሠራ የሚችለው ሕይወት ያለው አካል ብቻ ነው የሚል እምነት ጸንቶ በነበረበት ዘመን፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ያለ ኩላሊት እገዛ በላቦራቶሪ መሥራቱን አሳወቀ። እምነቱ በአንድ ቀን ባይወድቅም መሠረቱ ተናጋ።

የቫኒላን ሽታና ጣዕም በዋናነት የሚሰጠው ቫኒሊን ከተክሉ ፍሬ ቢወጣ፣ ከእንጨት ሊግኒን ቢሠራ፣ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ቢመረት፣ የአቶሞቹ ዓይነት፣ ብዛትና አቀማመጥ አንድ ነው፤ ምላስም ሆነ ተራ የክሮማቶግራፊ (ውህዶችን እርስ በርስ የመለያየት ዘዴ) መሣሪያ ሊለየው አይችልም። የሚለየው የአይሶቶፖቹ፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች፣ ምጣኔ ነው። ነዳጅ ዘይት ከምድር በታች ለሚሊዮኖች ዓመታት ስለቆየና የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ከነዳጅ በተሠራው ቫኒሊን ውስጥ ካርቦን 14 አይቀርም። ከእንጨት የተሠራውን ከፍሬው ለመለየት ደግሞ የካርቦን 13 መጠን ይለካል፤ የቫኒላ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚወስድበት መንገድ ከአብዛኞቹ ዛፎች የተለየ ነውና አሻራው ይቀራል። እንግዲህ ትንተናው «ከየት መጣ?» ለሚለው መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ «የትኛው ለጤና ይሻላል?» ለሚለው ግን ይህ ምርመራ መልስ የለውም፣ ሞለኪውሉ አንድ ነውና።

«ናሙናውን ማሽኑ ውስጥ ሲከቱት ስሙ ይወጣል»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

አንድ ቅጠል በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶችን ይዟል። ማንኛውም መሣሪያ ስለ አንዳቸው የሚታመን ነገር ለመናገር አስቀድሞ እርስ በርሳቸው መለያየት አለባቸው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አረንጓዴ ቅጠል በአሴቶን ተወቅጦ፣ ከጭማቂው አንዲት ጠብታ በሲሊካ በተቀባ ሳሕን ግርጌ ላይ ትነጠብና ደርቃ፣ የሳሕኑ ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ይቆማል። ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲሳብ፣ አንድ ወጥ አረንጓዴ የነበረችው ነጥብ ይሰነጣጠቃል፦ ብርቱካናማው ካሮቲን ፈሳሹን ተከትሎ እስከ ላይ ይሮጣል፣ ሰማያዊ አረንጓዴው ክሎሮፊል ኤ መሐል ላይ ይቀራል፣ ቢጫ አረንጓዴው ክሎሮፊል ቢ ከእርሱ ዝቅ ይላል፣ ከታች ደግሞ ቢጫ ቀለሞች ይደረደራሉ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካይል ጽቬት በ1900ዎቹ መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በሞላበት የመስታወት ቱቦ ያየው ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ለዘዴው ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም «የቀለም ጽሕፈት»፣ የሚል ስም ሰጠው።

የዛሬው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ተጣምሮ የሚሠራውም በዚሁ መሠረት ላይ ነው፤ መጀመሪያ ይለያያል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ሞለኪውል ሰባብሮ ስብርባሪዎቹን ይመዝናል። ኮምፒዩተሩም የስብርባሪዎቹን ዝርዝር ከታወቁ ውህዶች የመረጃ ቋት ጋር አመሳክሮ «93 በመቶ ይመሳሰላል» ብሎ ስም ያቀርባል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በመዓዛማ ዕፅዋት ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሞኖተርፒኖች፣ ለምሳሌ አልፋ ፓይኒን፣ ቤታ ፓይኒንና ሳቢኒን፣ ሁሉም 10 ካርቦንና 16 ሃይድሮጅን አላቸው፤ የሁሉም ሞለኪውላዊ ክብደት 136 ነው፤ ሲሰበሩም ጎልቶ የሚታየው ስብርባሪ የሁሉም 93 ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ያቀረበው ስም ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫ የሚሆነው ውህዱ ከመሣሪያው የወጣበት ጊዜ ሲታይና፣ ከተቻለ ደግሞ ንጹሑ ማመሳከሪያ ውህድ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ሁኔታ ተመርምሮ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው። ይህን ሳያደርጉ የሃምሳ ውህዶችን ስም በሠንጠረዥ የደረደሩ የምርምር ጽሑፎች ማየት ያሳዝነኛል።

ይህም የማይበቃበት ጊዜ አለ። ካርቮን የተባለው ውህድ እንደ ቀኝና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ ሁለት ቅርጾች አሉት፤ አንዱ የናና ሽታ፣ ሌላው ካራዌይ የተባለው ቅመም ሽታ አለው። አፍንጫችን የሚለያቸውን እነዚህን ሁለቱን ተራ የክሮማቶግራፊ ቱቦ እንደ አንድ ያሳልፋቸዋል፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ልዩ ቱቦ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ጋዝ ክሮማቶግራፊ ናሙናውን 250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሞቀ መግቢያ ስለሚያተን፣ የማይተኑትን ስኳሮችና ብዙ ፍላቮኖይዶች ያለ ልዩ ዝግጅት ጨርሶ አያያቸውም፤ በሙቀት የሚለወጡትንም ለውጦ ያሳያል። ለእነዚህ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይመረጣል።

«መቀቀል በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያወጣል»

ውኃ የሚያሟማው የሚስማማውን ብቻ ነው፤ ሙቀትም አንዳንዱን ያጠፋል። ለዚህ ከአርቴሚሲኒን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እና ባልደረቦቿ በወባ ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር ከዕፅዋት ሲፈልጉ፣ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለው ተክል አንዴ ተስፋ ሰጪ፣ አንዴ ደካማ ውጤት እየሰጠ አስቸገራቸው። ቱ ወደ ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፍ ተመልሳ ስታነብ፣ ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንጂ ይቀቀል እንደማይል አስተዋለች። ሙቀቱ እንደሚያበላሸው ጠርጥራም በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው ኢተር ማውጣት ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተገኘው ጭማቂ በአይጦች ላይ ያለውን የወባ ተውሳክ ፈጽሞ አጠፋ፤ በ1972 ንጹሑ ውህድ ተለየ፤ በ2015 እርሷ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው የሁለት ኦክስጅኖች ድልድይ ለፈዋሽነቱም በሙቀት በቀላሉ ለመበላሸቱም ምክንያት ነው። እንግዲህ «ይህ ተክል ምንም የለውም» የሚል ውጤት ሲቀርብ፣ በምን ፈሳሽና በስንት ዲግሪ ሙቀት ተወጥቶ ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

«ቀለሙ ከተለወጠ ውህዱ አለ፣ ቁጥሩም መጠኑ ነው»

የድራገንዶርፍ መፍትሔ ሲጨመር ብርቱካናማ ዝቃጭ ከታየ አልካሎይድ (እንደ ኒኮቲን ያለ ናይትሮጅን ያዘለ የዕፅዋት ውህድ) አለ፣ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨመር ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ፌኖል አለ፣ ሲናጥ አረፋው ካልጠፋ ሳፖኒን አለ ይባላል። እነዚህ ፈተናዎች ርካሽና ፈጣን በመሆናቸው ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን አልካሎይድ ያልሆኑ ውህዶችም ድራገንዶርፍን ሊያታልሉት፣ ፕሮቲንም አረፋ ሊያወጣ ይችላል። «ጠቅላላ ፌኖል» የሚለካበት የፎሊን ሲዮካልቱ ዘዴም በእርግጥ የሚለካው ኤሌክትሮን የመስጠት አቅምን ነው፤ ቫይታሚን ሲ በናሙናው ካለ እርሱም እንደ ፌኖል ይቆጠራል።

ዘዴ የሚለካውንና ሰው ለካሁ የሚለውን አንድ አድርጎ ማየት ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና በአሰቃቂ ሁኔታ ታይቷል። በወተት ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚገመተው ናይትሮጅንን ለክቶ በማባዛት ነበር። ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶ ናይትሮጅን ሲኖረው፣ ሜላሚን የተባለው የፕላስቲክ ግብዓት ግን 66 በመቶ ገደማ አለው፤ ስለዚህ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ላይ ሜላሚን ሲጨመር ፈተናውን ያልፍ ነበር። 300,000 ያህል ሕፃናት ታመሙ፣ ቢያንስ 6 ሞቱ። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ ናይትሮጅን ነበር።

በሙከራ ቱቦ የሚለካው ፀረ ኦክሳይድ አቅምም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የዚህ ዓይነት ቁጥሮች የያዘውን የመረጃ ቋት እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ ያነሣው፣ ቁጥሮቹ በሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር እንደማይናገሩ በመረዳቱ ነው።

«ትልቁ ጉብታ ብዛት ያለው ውህድ ነው»

በክሮማቶግራም፣ ማለትም መሣሪያው በሚስለው መስመር፣ ላይ የሚታየው የጉብታ ስፋት መሣሪያው ለዚያ ውህድ ያለውን ስሜት ጭምር ያሳያል። ሁለት ውህዶች በእኩል መጠን ቢኖሩም አንዱ አሥር እጥፍ ትልቅ ጉብታ ሊሰጥ ይችላል። መጠን የሚታወቀው ለእያንዳንዱ ውህድ በሚታወቁ መጠኖች በተሠራ የመለኪያ መስመር ነው።

«አልተገኘም ማለት የለም ማለት ነው፤ ተገኘ ማለት ደግሞ መርዝ ነው»

ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሕተት ናቸው። እያንዳንዱ ዘዴ ከዚያ በታች ማየት የማይችልበት ወሰን አለው፤ በተለምዶ ምልክቱ ከመሣሪያው ጫጫታ (ውህዱ ባይኖርም ከሚያሳየው መዋዠቅ) ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሲሆን «ታየ» ይባላል፣ አሥር እጥፍ ሲሆን ደግሞ መጠኑ ሊነገር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም 2.5 ሚሊዮን ሊትር በሚይዝ ትልቅ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሩብ ግራም እንደማለት ነው። የአንድ ላቦራቶሪ ዘዴ ከ5 ማይክሮግራም በታች ማየት ካልቻለ፣ «አልተገኘም» ያለው ውኃ ከጣሪያው አርባ እጥፍ በላይ ቢኖረውም ወረቀቱ ያው ነው። ወሰኑ ያልተጻፈበትን «አልተገኘም» መቀበል አይገባም።

በተቃራኒው፣ እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ኤሌክትሮን ያዥ መለያ የተባለው መሣሪያ ክሎሪን ያላቸውን ውህዶች ከዚያ በፊት ባልታሰበ ጥቃቅን መጠን ማየት ሲያስችል፣ የዲዲቲና የመሰሎቹ ቅሪት ማንም ካልረጨባቸው ቦታዎች ሳይቀር መገኘት ጀመረ። ዓለም በአንድ ጊዜ አልተበከለም፤ ማየት ተቻለ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከዚያም ርቀው ሄደዋል። ስለሆነም ከመገኘቱ ይልቅ ምን ያህል እንደሆነ፣ በምን መንገድና ለስንት ጊዜ ወደ ሰውነት እንደሚገባ ማየት ያስፈልጋል።

«በአየር ላይ ያለ ኦርጋኒክ ውህድ ሁሉ ከጭስ የመጣ ነው»

አይደለም። ዕፅዋት በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ቶን ገደማ አይሶፕሪን ወደ አየር ይለቃሉ። ይህ በተሽከርካሪ ጭስ ከሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኝ ኦዞን ይፈጥራል፤ ስለዚህ የአየር ጥናት ሁለቱንም ምንጮች መለካት አለበት።

«ናሙና መውሰድ የማንም ሰው ሥራ ነው»

በእኔ እምነት ብዙ ጥረትና ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ የመጣ የወንዝ ውኃ ሲመረመር፣ በማስ ስፔክትሮሜትሩ ላይ 149 የሚል ስብርባሪ ጎልቶ ይወጣል። ይህ ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩት ፍታሌቶች የሚታወቁበት ምልክት ነው። ወንዙ በፍታሌት ተበክሏል ብሎ ከመጻፍ በፊት ጠርሙሱ፣ ክዳኑ፣ ጓንቱና ቱቦው መጠርጠር አለባቸው። ለዚህም ነው ናሙና ሰብሳቢው በቡናማ የመስታወት ጠርሙስ፣ በቴፍሎን በተለበጠ ክዳን የሚሠራው። ለሚተኑ ውህዶች አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳይቀር እስከ አፉ ይሞላል፤ ብርሃን እንዳይነካውና ተሕዋስያን እንዳይበሉት በበረዶ ሳጥን 4 ዲግሪ አካባቢ ይዞ ይጓዛል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ንጹሕ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ከላቦራቶሪ ወጥቶ እስከ ወንዙ ይሄዳል፤ እዚያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ከሌሎቹ ጋር ይመለሳል፣ እኩል ይመረመራል። በዚያኛውም ጠርሙስ ውስጥ ያው የ149 ጉብታ በዚያው መጠን ከታየ፣ ፍታሌቱ የወንዙ ነው ሊባል አይችልም፤ የጠርሙሱ ዓይነት ተለውጦ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል።