«ያው ሽቦ መዘርጋት ነው»፦ ስለ ፋየር አላርም ሙያ የሚባለውና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ ኤሌክትሪክ ተምሮ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ስለ ፋየር አላርም (የእሳት ማስጠንቀቂያ) ሙያ የሚሰማው በአብዛኛው ከወሬ ነው። ወሬው አንዱን ከሙያው ያርቀዋል፤ ሌላውን ደግሞ ሳይዘጋጅ ያስገባዋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ የዚህ ሥራ ስህተት የሚታወቀው እሳት የተነሳ ቀን ነውና።

«ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ይችለዋል»

ግማሹ እውነት ነው። ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) መቅበር፣ ኬብል መሳብ፣ ቤዝ (የዲቴክተር መቀመጫ) ማሰር ከሌላው የኤሌክትሪክ ሥራ ብዙም አይለይም። ነገር ግን የመብራት መስመር ቢቆረጥ አምፖሉ ስለማይበራ ማንም ያውቃል። የአላርም መስመር ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጥና የሚፈለገው ለአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ሲስተሙን የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ፓኔሉ፣ የመስመሩን ጤንነት ሌትና ቀን መከታተል አለበት። ዲቴክተሮቹ (የጭስ ወይም የሙቀት ጠቋሚዎቹ) በዞን፣ ማለትም በአንድ መስመር፣ በሚያያዙበት ኮንቬንሽናል ሲስተም ይህን የሚያስችለው በዞኑ የመጨረሻ ዲቴክተር ላይ የሚታሰር ትንሽ ሬዚስተር ነው። መጠኑ እንደ ፓኔሉ ይለያያል፤ 4.7 ኪሎ ኦም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በእሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት ከጠፋች ፓኔሉ «ፎልት» (ብልሽት አለ) ይላል።

የቤት ዝርጋታ የለመደ እጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሶኬት እንደለመደው ከመሐል ቀጥሎ ወደ ጎን ክፍል ቅርንጫፍ ያወጣል። ሲሞከር ይሠራል፣ ደወሉም ይጮኻል። ነገ ያ ቅርንጫፍ ቢበጠስ ግን ሬዚስተሩ ያለው በሌላኛው ጫፍ ነውና ፓኔሉ አያውቅም፤ አረንጓዴው መብራት እንደበራ ክፍሉ ያለ ጠባቂ ያድራል። ትክክሉ ኬብሉ አንዱ ቤዝ ገብቶ፣ ከዚያው ወጥቶ ወደሚቀጥለው መሄዱ ነው። ሬዚስተሩን ለመገላገል ብሎ እዚያው ፓኔሉ ውስጥ ማሰርማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የውጭው ሽቦ በሙሉ ቢነቀል እንኳ ፎልት አይመጣም።

መፈተሻው ቀላል ነው። የዞኑን ሁለት ሽቦዎች ከፓኔሉ ነቅሎ በቴስተር ኦም መለካት። ንባቡ ለሬዚስተሩ መጠን ከቀረበ ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ መስመሩ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ሾርት አለ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሽቦ ከኧርዝ ጋር መለካት ነው። እዚያ ንባብ ከታየ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ብረት ነክቷል።

«እሳት አጥፊ መሆን ነው»

አይደለም። እሳት አደጋ መከላከል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህኛው ሙያ ዲዛይን፣ ተከላ፣ ፕሮግራሚንግና ጥገና ነው።

«ዲቴክተር የትም ቢገጠም ያው ነው»

ድሬዳዋ ላይ ይህ አባባል ብዙ ያስከፍላል። ኦፕቲካል የሚባለው የጭስ ዲቴክተር ሆዱ ውስጥ ብርሃን አለው፤ የገባው ጭስ ብርሃኑን ሲበትነው ያስጠነቅቃል። የከተማዋ አቧራም ብርሃን ይበትናል። ያለ እሳት ከሚጮኽባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሰውም ሲሰለቸው ያጠፋዋል። በግንባታ ወቅት የፕላስቲክ ክዳኑ እስከ ርክክብ ድረስ አይነሳ፤ በርክክብ ቀን ደግሞ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይነሳ። የተረሳ ክዳን ዲቴክተሩን ያሳውረዋል። ለማዕድ ቤት የሚሆነው የሙቀት ዲቴክተር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ለሐረር ወይም ለአዲስ አበባ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። የስፕሪንክለርን (ጣሪያ ላይ የሚገጠመውን እሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ) የመስታወት ብልቃጥ እንይ፦ ብርቱካናማው በ57፣ ቀዩ በ68፣ ቢጫው በ79፣ አረንጓዴው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሰበራል። በአሜሪካው የስፕሪንክለር ተከላ ደንብ፣ ኤንኤፍፒኤ 13፣ መሠረት ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ የሚደርስ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይመረጡም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ መጋዘን በግንቦትና በሰኔ ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሁን። (በነገራችን ላይ «አንዱ ሲከፈት ሁሉም ይረጫል» የሚባለውም ልክ አይደለም። በተለመደው ሲስተም የሚከፈተው ሙቀቱ ያገኘው ብቻ ነው።)

«ከጮኸ ሥራው አልቋል»

ሥራው ገና ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ ሲስተሙን የሚያቆየው ባትሪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለ 12 ቮልት በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ይሰጣሉ። መጠኑ በግምት አይገዛም። ፓኔሉ ዝም ባለበት ሰዓት 0.15 አምፒር፣ ሲጮኽ 1.2 አምፒር ይወስዳል እንበል። ለ24 ሰዓት ጥበቃ 3.6፣ ለግማሽ ሰዓት ጩኸት 0.6፣ ድምሩ 4.2 አምፒር ሰዓት ነው። ለእርጅና ሩብ ሲጨመር 5.25 ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 7 አምፒር ሰዓት ይገዛል። ሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ፓኔሉን ሙቅ መጋዘን ውስጥ ከመስቀል ሰው የማይለየውና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ማድረግ የተሻለ ነው።

«ድሬ ላይ ለዚህ ሙያ እንጀራ የለም፤ ዲግሪም ይጠይቃል»

ነፃ የንግድ ቀጠናው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች አሉ። ተከላውን ከሌላ ከተማ የመጣ ኮንትራክተር ቢሠራው እንኳ ሌሊት ፎልት ሲመጣ የሚጠራው ቅርብ ያለ ሰው ነው። ለተከላና ለጥገና በኤሌክትሪክ ደረጃ 3 ወይም 4 የጨረሰ፣ ፕላን የሚያነብ፣ ማኑዋል የማይፈራ ሰው ይበቃል። ዲግሪ የሚያግዘው ለዲዛይን ነው።

ጀማሪው ቶሎ ሊለምደው የሚገባው የአድሬሰብል ሲስተም ፍተሻ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ዲቴክተር የራሱ ቁጥርና የቦታ ስም አለው። ሁለት ሰው ይሠራዋል፤ አንዱ በመፈተሻ ስፕሬይ እያንዳንዱን የጭስ ዲቴክተር ያስነሳል፣ ሌላው ፓኔሉ ላይ ቆሞ ስክሪኑ የጻፈውን በስልክ ያነብለታል። «ሁለተኛ ፎቅ፣ መጋዘን» ብሎ ካነበበና የመጀመሪያው ሰው የቆመው ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ ስሙ እዚያው ይታረማል፤ አለዚያ እሳት የተነሳ ቀን ጥበቃው የሚሮጠው ወደ ተሳሳተው ፎቅ ነው።