ብስጭት፣ የውጥረት ሆርሞኖች እና ደም ግፊት

ጎንደር ውስጥ ግፊት ያለበትን ሰው ከምን እንደመጣበት ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ «ከብስጭት ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ለማየት ወደ ኩላሊት መውረድ ያስፈልጋል።

በግ ሲበለት ኩላሊቱ በሞራ ተጠቅልሎ ይወጣል። እዚያው ሞራ ውስጥ እዚህ ግባ የማትባል ዕጢ ተደብቃለች። በሰውም በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ አንዳንድ አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ውስጠኛው ክፍላቸው አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን፣ ቅርፊታቸው ደግሞ ኮርቲሶልና አልዶስቴሮን የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል።

ሰው ሲቆጣ አድሬናሊን ልቡን ያስመታዋል፣ ኖርአድሬናሊን የደም ሥሩን ያጠበዋል፤ ግፊቱም ይወጣል። ንዴቱ ሲበርድ ይወርዳል። የኮርቲሶል ነገር ግን ሌላ ነው፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቶሎም አይለቅም። የደም ሥሮች ለኖርአድሬናሊን ይበልጥ እንዲታዘዙ ያደርጋል። ከመጠን ሲያልፍም ኩላሊት ላይ የአልዶስቴሮንን ሥራ ቀምቶ ጨው ያስቀራል። በደህናው ጊዜ ኩላሊት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ኮርቲሶልን እየለወጠ ይህን ይከላከላል፤ ኮርቲሶሉ ሲያጥለቀልቀው ግን አይችለውም። ጨው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው የደሙን መጠን ይጨምራል። «ደም ብዛት» የሚለው የድሮ ስም እዚህ ላይ ከ«ደም ግፊት» ይልቅ ልክ ይመጣል።

ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ፊት የሚያብጥበትና ሆድ የሚገፋበት ሕመም ኩሺንግ ይባላል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ኮርቲሶል መሰል መድኃኒቶችን ለወራት መውሰድም ያስከትለዋል። ከአድሬናል ውስጠኛ ክፍል የሚበቅል እባጭ (ቲዩመር) ደግሞ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ትርታ እያጣደፈ ግፊትን ድንገት ያንራል። ሁለቱም ብዙ አይገጥሙም። አብዛኛው ግፊት ዘር፣ ዕድሜ፣ ጨውና ውፍረት ተደራርበው የሚያመጡት ነው። ስለዚህ «ብስጭቱ ለቀቀኝ» ብሎ ክኒን ማቆም ከንቱ ድፍረት ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጭንቀቱ ወባና ወረርሽኝ ነበር። ዛሬ ግን ለግፊት ክትትል የሚመላለሰው ብዙ ነው።

ልኬቱም ራሱ በሆርሞን ይሳሳታል። ዳገት ወጥቶ እያለከለከ የገባ፣ ነጭ ጋውን ሲያይ የሚደነግጥ፣ ቡና ጠጥቶ የመጣ፣ ሁሉም አድሬናሊናቸው ከፍ ብሏል። ነርሷ «እማማ፣ ቡና ጠጥተዋል?» ትላለች። «በረካውን ትቼልሽ ነው የመጣሁት» ይሏታል። መሣሪያው 150/95 ቢያሳይም አትመዘግበውም፤ ግማሽ ሰዓት ካረፉ በኋላ፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸው በልባቸው ልክ ሆኖ እንደገና ትለካቸዋለች።