ሊኑክስ ላይ ዲስክ በራሱ ማውንት እንዲሆን ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለተኛ ዲስክ ገጥማችሁ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ራሱ ማውንት እንዲሆን (ማለትም በአንድ ፎልደር በኩል እንዲከፈት) ከፈለጋችሁ የምትጽፉት ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ላይ ነው። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለአንድ ዲስክ አንድ መስመር ይበቃል። ግን ስለዚህች አንድ መስመር የሚወራው ስህተት ብዙ ሰው ያስቸግራል።

«ዲስኩ ኤስዲቢ ነው፣ እሱን ጻፍና ጨርስ።»

አይሆንም። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ቋሚ አይደሉም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኮቹ በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው የሚሰጡት። ዛሬ ኤስዲቢ የነበረው፣ ነገ ፍላሽ ተሰክቶ ሲነሳ ኤስዲሲ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዩዩአይዲውን፣ ማለትም ፎርማት ሲደረግ የሚሰጠውን የራሱን መለያ ቁጥር፣ ጻፉ። ገመድ ብትቀይሩ አይለወጥም። እንደገና ፎርማት ካደረጋችሁ ግን አዲስ ቁጥር ይወጣለታልና መስመሩንም አስተካክሉ።

«ዲስኩ ከሌለ ሊኑክስ ዝም ብሎ ያልፈዋል።»

ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። አንድ ጓደኛዬ ኤክስተርናል ዲስኩን ቤት ትቶ ላፕቶፑን ቢሮ ከፈተ። ቀያይ ኮከቦች ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ጎናቸው ሰከንድ ይቆጠራል፤ እስከ 1 ደቂቃ ከ30። ከዚያ ኢመርጀንሲ ሞድ የሚል ጥቁር ስክሪን መጣ። የደወለልኝ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ሊጭን ሲል ነው! ላፕቶፑ ምንም አልሆነም ነበር። ኤፍኤስታብ ላይ መስመሩ እንዳይነበብ ፊቱ የሃሽ ምልክት አስገባን፣ ተነሳ። መስመሩ ላይ ካሉት ኦፕሽኖች (ምርጫዎች) መሃል ኖፌይል የምትለዋን ቃል ቢጨምር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ተነቃይ ዲስክ ላይ በፍጹም አትርሷት።

«ኖፌይል ካለ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።»

አለ እንጂ። ዲስኩ ባይኖርም ማውንት የሚደረግበት ፎልደር ባዶውን እዚያው ይቆያል። ማታ ማታ ባክአፕ የሚያደርግ ስክሪፕት ካላችሁ፣ ልዩነቱን ሳያውቅ እዚያው ይጽፍና ዋናውን ዲስክ ይሞላዋል። ዲስኩ ሲመለስ ደግሞ የተጻፈው ፋይል ከስሩ ይደበቃል፣ ቦታውን ምን እንደበላው ግራ ይገባችኋል። ስክሪፕቱ ከመጻፉ በፊት ዲስኩ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ማውንትፖይንት የሚባለው ትዕዛዝ ለዚህ ነው።

«መስራቱን ለማየት ሪስታርት ማድረግ ግድ ነው።»

እንዲያውም ሳትፈትሹ ሪስታርት እንዳታደርጉ። ተርሚናል ላይ ሱዶ ማውንት ብላችሁ ሰረዝና ኤ ጨምሩበት። የተሳሳተ መስመር ካለ፣ ማሽኑ በእጃችሁ እያለ እዚያው ይነግራችኋል።

«ፋይል መጻፍ ካቃተህ ዩአይዲ የሚለውን ኦፕሽን ጨምር።»

ዩአይዲ የፋይሎቹ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚናገር ኦፕሽን ነው፤ ከዩዩአይዲ ጋር አታምታቱት። ለዊንዶውሱ የዲስክ ፎርማት ለኤንቲኤፍኤስ ልክ ነው። የሊኑክሱ ፎርማት ኤክስት4 ግን ይህን ኦፕሽን አያውቀውም፣ ጭራሽ ማውንት መሆን እምቢ ይላል። እሱን ማውንት አድርጉና ቻውን በሚባለው ትዕዛዝ የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሳችሁ አዙሩ። ኤንቲኤፍኤሱን ከዊንዶውስ ጋር የምትጋሩት ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕን (ቶሎ እንዲነሳ ሲባል ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ የማይዘጋውን ቅንብር) አጥፉ፤ ካልጠፋ ዲስኩ ወይ አይከፈትም፣ ወይ ለማንበብ ብቻ ይከፈታል።