ጥበብ ከወዴት ትገኛለች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዘንድሮ መስከረም 21 ቀን የእመቤታችንን በዓል በግሸን ደብረ ከርቤ አክብረን ስንመለስ ልቤን ያሳዘነው ነገር ገጠመኝ። አንድ ተማሪ «ሳይንስ ያላረጋገጠውን አምላክ እንዴት ልመን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በዕድሜ የሚበልጡት «ከሃዲ» አሉት፤ እርሱም ነጠላውን ወደ ፊቱ ስቦ ዝም አለ። ጠያቂን ማሳፈር ሃይማኖትን መጠበቅ አይደለምና ይህን ያደረጋችሁ ወንድሞች ፈልጋችሁ ይቅርታ ጠይቁት።

መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 28ን እጅግ እወደዋለሁ። ጻድቁ ስለ ጥበብ ሲናገር የሰውን ዕውቀት በመናቅ አይጀምርም፤ ከምድር ሆድ ብርና ወርቅ የሚያወጣውን፣ ተራራን ከሥሩ የሚገለብጠውን፣ የተሰወረውን ወደ ብርሃን የሚያመጣውን ሰው አስቀድሞ ያደንቃል። እኛ ወሎዬዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በደላንታ፣ በወገል ጤና ዙሪያ፣ ወጣቶቻችን ገደሉን በመዶሻና በመሮ እየፈለፈሉ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ያወጣሉ፤ አፈሩ ተደርምሶባቸው የቀሩም አሉ። ድንጋዩን ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚፈነጥቀው፣ በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ (አሸዋ በብዛት የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ሉሎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት መሆኑን ሳይንስ አስረድቶናል። ይህን በማወቃችን ከእግዚአብሔር ክብር አንዳች አልጎደለም።

ኢዮብ ግን ከዚህ በኋላ ጥበብ ራሷ ከወዴት እንደምትገኝ ይጠይቃል፤ ጥልቁም ባሕሩም በእኛ ዘንድ የለችም ይላሉ። ሳይንስ የሚለካውንና የሚፈተነውን ይመረምራል፤ አንዱ ፍጥረት ከሌላው እንዴት እንደሚመጣ ይነግረናል። ፍጥረት ሁሉ ባለመኖር ፈንታ ስለምን እንደ ኖረ ግን በመለኪያ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ሁሉ በእርሱ የሆነ አምላክ ከፍጥረታት እንደ አንዱ ተቆጥሮ በመነጽር የሚፈለግ አይደለምና፣ «ፈልገን አጣነው» የሚሉ ሰዎች የሚናገሩት ከሙያቸው ወሰን ወጥተው ነው።

ነገር ግን ከእነርሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ የእኛው ስብከት ነው። «ይህን ሳይንስ አልደረሰበትምና አምላክ አለ» የሚል ሰው የልጆቻችንን እምነት ባለማወቅ ላይ ይመሠርታል። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ኒውተን የፕላኔቶች ጉዞ እንዳይዛባ እግዚአብሔር በየጊዜው እንደሚያቃናው አስቦ ነበር፤ ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ያ መዛባት የመሰለው በረዥም ዘመን ራሱን እንደሚያካክስ በስሌት አሳየ። እምነቱን በዚያ ክፍተት ላይ ያቆመ ሰው ያን ቀን ምን ተረፈው?

በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ ልጆቼ፣ ፊዚክሱንም ሥነ ሕይወቱንም ሳትፈሩ ተማሩ፤ ጾማችሁንና ጸሎታችሁን ግን አትተዉ። እግዚአብሔር የጥበብን መንገድ እርሱ ብቻ እንደሚያውቅ ምዕራፉ ከተናገረ በኋላ ለሰው የሰጠው እርሱን መፍራትንና ከክፋት መራቅን ነው፤ ይህም ለሊቁም ለገበሬውም እኩል የተከፈተ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።