ላትቪያውያን፦ የሕዝቡ ታሪክና የብሔራዊ ማንነቱ አመጣጥ

ላትቪያውያን በባልቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኤስቶኒያና በሊትዌኒያ መካከል የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። የአገራቸው ጠቅላላ ነዋሪ ከ1.9 ሚሊዮን ጥቂት ያንሳል፤ ከዚህም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ላትቪያዊ ነው፣ ከቀሪው ደግሞ ትልቁ ክፍል ሩሲያዊ ነው። ቋንቋቸው የስላቭም የጀርመንም ቤተሰብ አይደለም። ከሊትዌንኛ ጋር ሆኖ እስከ ዛሬ በሕይወት ያለው የባልቲክ ቋንቋዎች ቅርንጫፍ ሲሆን፣ ሦስተኛው ዘመዳቸው ጥንታዊው ፕሩስኛ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የላትቪያውያንን ታሪክ ከብዙ የአውሮፓ ሕዝቦች ታሪክ የሚለየው፣ የራሳቸው የሚሉት ሥርወ መንግሥትና የመኳንንት መደብ ሳይኖራቸው ወደ ዘመናዊው ዘመን መግባታቸው ነው። ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል የመሬቱ ጌታ፣ የከተማው ነጋዴና የቤተ ክርስቲያኑ ሰባኪ በአብዛኛው ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነበር፤ ላትቪያኛ የገበሬው አንደበት ነበር። ስለዚህ ብሔራዊ ማንነታቸው የታነጸው በዘውድና በቤተ መንግሥት ትዝታ ሳይሆን በገበሬው ቋንቋና ዘፈን ላይ ነው። ይህን ሳይዙ የዛሬዪቱን ላትቪያ የቋንቋና የዜግነት ክርክር መረዳት ያስቸግራል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ላትቪያ በሚባለው ምድር ላትጋሎች፣ ሴሎናውያን፣ ዜምጋሎችና ኩሮናውያን የተባሉ የባልቲክ ነገዶች ይኖሩ ነበር። በባሕሩ ዳርቻ ደግሞ ከፊንላንዶችና ከኤስቶኒያውያን ጋር የቋንቋ ዝምድና ያላቸው ሊቮች ሰፍረው ነበር። የጀርመን ነጋዴዎችና ሰባኪዎች የዳውጋቫን ወንዝ ተከትለው ገቡ፤ ጳጳስ አልበርት በ1201 ሪጋን መሠረተ፣ በተከታዩም ዓመት የሰይፍ ወንድማማቾች የተባለው የመነኮሳት ወታደራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ነገዶቹ በቀላሉ አልተንበረከኩም። በ1236 በሳውሌ ጦርነት ማኅበሩ ክፉኛ ተመትቶ ቅሬታው ቴውቶናውያን ከተባለው ሌላ የጀርመን መነኮሳት ወታደራዊ ማኅበር ጋር ተዋሐደ፤ ዜምጋሎች ደግሞ እስከ 1290 ድረስ ተዋግተዋል። ሪጋ በ1282 የሐንሳ የንግድ ከተሞች ማኅበር አባል ሆና በለጸገች። በገጠሩ ግን የነገድ ልዩነት በጋራ ገባርነት ሥር እየደበዘዘ ሄዶ፣ በቀጣዮቹ ክፍለ ዘመናት አንድ ላትቪያኛ ተናጋሪ ሕዝብ ተፈጠረ።

ሊቮኒያ ይባል የነበረው ይህ የጳጳሳትና የወታደር መነኮሳት ግዛት በ1558 በተጀመረው የሊቮኒያ ጦርነት ፈራረሰ። ምድሩም በፖላንድና ሊትዌኒያ፣ በኋላም በስዊድን መካከል ተከፋፈለ። በምዕራብ በኩል የኩርላንድ መስፍንነት በፖላንድ የበላይነት ሥር ራሱን እያስተዳደረ እስከ 1795 ቆየ። ይህ ትንሽ መስፍንነት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመስፍን ያኮብ ዘመን መርከቦች ሠርቶ በጋምቢያ ወንዝ ደሴት ላይ ምሽግ እስከ መያዝና በካሪቢያን ቶቤጎ ላይ ሰፋሪዎችን እስከ ማስፈር መድረሱ፣ በታሪክ ከሚያስገርሙ ነገሮች አንዱ ነው። ሩሲያ በ1721 ሰሜኑን፣ በ1772 ምሥራቁን ላትጋሌን፣ በ1795 ኩርላንድን ጠቅልላ ወሰደች፤ ሆኖም በላትጋሌ ካልሆነ በቀር የጀርመን ባላባቶችን መብት ሳትነካ ተወችው። ገበሬው ዛሩን በስም ያውቀዋል እንጂ በየቀኑ የሚያዝዘው ጀርመናዊው ባለርስት ነበር።

ቋንቋው ለመጽሐፍ የበቃውም በጀርመን ቀሳውስት እጅ መሆኑ ታሪኩን የተወሳሰበ ያደርገዋል። በአሉክስኔ ያገለግል የነበረው ቄስ ኤርንስት ግሉክ ሐዲስ ኪዳንን በ1685፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1689 በላትቪያኛ ተርጉሞ ፈጸመ። የእያንዳንዱ ሥራ ፍጻሜ መታሰቢያ እንዲሆን የተከላቸው ሁለት የባሉጥ ዛፎች ዛሬም በከተማዪቱ ይታያሉ። በዚሁ ቄስ ቤት ያደገችው ማርታ የተባለች ልጅ በኋላ የታላቁ ጴጥሮስ ሚስት፣ ከዚያም የሩሲያ ንግሥተ ነገሥት ቀዳማዊት ካትሪን ሆናለች። ንባብ በገበሬው ዘንድ የተስፋፋው በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በገቡት የሞራቪያ ወንድሞች በተባሉ ፕሮቴስታንቶች እንቅስቃሴ ነው። በ1897 ቆጠራ በተደረገ ጊዜ በመላው የሩሲያ ግዛት ማንበብ የሚችል ሕዝብ በብዛት ከተገኘባቸው አካባቢዎች መካከል የባልቲክ ክፍላተ ሀገር ነበሩ።

ገባርነት በኩርላንድ በ1817፣ በሰሜኑ በቪድዜሜ በ1819 ቀረ፤ በላትጋሌ ግን እስከ 1861 ዘለቀ። ነጻነቱ ያለ መሬት የተሰጠ ስለ ነበር ገበሬው ከገባርነት ወደ ጭሰኝነት ተሸጋገረ እንጂ ጌታው አልተለወጠም። በዚሁ ዘመን ገበሬዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በመደረጉ ብዙዎች የዛፍ፣ የወፍና የኮረብታ ስሞችን ወሰዱ። ዛሬ የላትቪያ የስልክ ማውጫ በበርችና በባሉጥ ስሞች የተሞላው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተማረ ላትቪያዊ ጀርመናዊ ሆኖ መቆጠሩ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይታይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ የገበሬ ልጅ ቋንቋውን ከነጫማው ጭቃ ደጅ ትቶ እንዲገባ ይጠበቅበት ነበር። በ1850ዎቹ ኤስቶኒያ ባለው የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ክሪሽያኒስ ቫልደማርስ በመኖሪያ በሩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ላትቪያዊ መሆኑን የሚገልጽ ካርድ መለጠፉ እንደ ትልቅ ነገር የሚተረከው ለዚህ ነው። በዙሪያው የተሰበሰቡት ወጣቶች ወጣት ላትቪያውያን ተባሉ። ከእነርሱ አንዱ ዩሪስ አሉናንስ በ1856 የአውሮፓን ግጥሞች በላትቪያኛ ተርጉሞ በማሳተም የገበሬ ቋንቋ ከፍ ያለ ሐሳብ መሸከም እንደሚችል አሳየ። በ1862 በሴንት ፒተርስበርግ ጋዜጣ አቋቁመው በጀርመን ባላባቶች ላይ ያለ ርኅራኄ ጻፉ፤ ጋዜጣው ግን በ1865 ተዘጋ። በ1868 የሪጋ ላትቪያውያን ማኅበር ተመሠረተ። የፋብሪካ ሥራ ገጠሬውን ወደ ሪጋ እየሳበ ስለ ነበር፣ በ1867 ጀርመኖች በብዛት ይመሯት የነበረችው ከተማ በ1897 ላትቪያውያን ከሌላው ሁሉ የሚበዙባት ሆነች።

ከዚህ ትውልድ ሥራ ሁሉ ግን የክሪሽያኒስ ባሮንስን ያህል ሥር የሰደደ የለም። የላትቪያ ገበሬዎች ዳይና የሚሏቸው አጫጭር ዘፈኖች አሏቸው፤ አብዛኞቹ አራት ስንኝ ብቻ ናቸው፣ ቤት መምታትም ግድ አይላቸውም። ጀግና የሚያወድሱ፣ የነገሥታት ጦርነት የሚተርኩ ረጃጅም ታሪኮች አይደሉም። የሚያወሩት ስለ ልደትና ስለ ሠርግ፣ ስለ እህል መፍጨት፣ ስለ ፈረስ፣ ፀሐይን እንደ እናት ስለምታይ ወላጅ አልባ ልጅ፣ ዕድልን ስለምትወስን ላይማ ስለ ተባለች ኃይል ነው። ባሮንስ ሞስኮ በግል አስተማሪነት ሲኖር ከየመንደሩ በፖስታ የሚላኩለትን ዘፈኖች በጣት ስፋት ወረቀቶች ላይ እየገለበጠ መደበ። በ1880 ያሠራው ቁም ሣጥን 70 መሳቢያዎች፣ በእያንዳንዱም መሳቢያ ውስጥ 20 ክፍልፋዮች አሉት። ዘፈኖቹን የደረደረውም በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል፣ ከልደት እስከ ሞት ነበር። ከ1894 እስከ 1915 የታተመው ስብስብ 217,996 ዘፈኖችን ከነልዩ ልዩ አባባላቸው ይዟል። ቁም ሣጥኑ ዛሬ ሪጋ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚታይ ሲሆን፣ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም መዘክር መዝገብ ገብቷል።

ሌላው የማንነት ምሰሶ የኅብረ ዝማሬ በዓል ነው። የመጀመሪያው በ1873 በሪጋ ሲደረግ አንድ ሺህ ያህል ዘማሪዎች ተሰበሰቡ። በዚያው ዘመን ባውማኙ ካርሊስ ያዘጋጀው መዝሙር በ1920 የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኗል። የበዓሉ ቅርጽ ራሱ ከጀርመኖች የተወሰደ ነው። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም፤ ባላባቱ ያመጣውን ልማድ ገበሬው ለራሱ ዓላማ አዋለው። ዛሬ በየአምስት ዓመቱ የሚደረገው በዓል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘማሪዎችንና ጨፋሪዎችን ያሰባስባል፤ ከኤስቶኒያና ከሊትዌኒያ በዓላት ጋርም በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የሶቪየት መንግሥት በዓሉን ከመከልከል ይልቅ ሌኒንን በሚያወድሱ መዝሙሮች ሊሞላው መርጦ ነበር። ይሁንና በ1985 የያዜፕስ ቪቶልስ «የብርሃን ግንብ» ከመርሐ ግብሩ በወጣ ጊዜ፣ ዘማሪዎቹ ከመድረክ አንወርድም ብለው አዛውንቱን መሪ ሃራልድስ ሜድኒስን አስጠርተው ዘመሩት። ግጥሙ የሚናገረው ከምድር በታች ስለ ሰጠመና ሕዝቡ ስሙን ሲያስታውስ ስለሚነሣ ግንብ ስለሆነ፣ ለምን እንደ ተፈራ ማብራሪያ አያሻውም።

ፖለቲካው ከባሕሉ ዘግይቶ መጣ። በ1905 አብዮት በመቶ የሚቆጠሩ የባላባት መኖሪያዎች ተቃጠሉ፤ የዛሩም ቅጣት ወታደሮች መንደሮችን በግድያ አጸዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባሩ በዳውጋቫ ላይ ቆሞ ስለ ነበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኩርላንድ ተሰደዱ። ከጦርነቱ በፊት 2.5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአገሩ ሕዝብ በ1920 ወደ 1.6 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። በ1915 የተቋቋሙት የላትቪያ ተኳሾች ሻለቆች ለአገራቸው ሊዋጉ ተነሥተው፣ ብዙዎቹ በኋላ የሌኒን ታማኝ ጦር ሆነዋል። ነጻነት ኅዳር ወር 1918፣ በ18ኛው ቀን፣ በሪጋ ቲያትር ቤት ታወጀ። ከቦልሼቪኮችም ከጀርመን ጦርም ጋር ከተደረገ ጦርነት በኋላ ሶቪየት ሩሲያ በነሐሴ 1920 የላትቪያን ነጻነት ለዘላለም እንደምትቀበል ፈረመች።

አዲሱ መንግሥት የባላባቶቹን ርስት ወርሶ መሬት ለሌላቸው አከፋፈለ፤ ለቀድሞው ባለርስት የተተወለት 50 ሄክታር ያህል ነበር። በዚያው ልክ ለጀርመኖች፣ ለአይሁድ፣ ለሩሲያውያንና ለፖላንዳውያን በቋንቋቸው ትምህርት ቤት የማስተዳደር መብት ሰጠ። በ1934 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ካርሊስ ኡልማኒስ ፓርላማውን በትኖ በብቸኝነት መግዛት ጀመረ፤ የአናሳዎቹንም መብት አጠበበ። ዛሬም አንዳንዱ በናፍቆት ያስታውሰዋል፣ ሌላው የዴሞክራሲ ቀባሪ ይለዋል።

በ1939 የሂትለርና የስታሊን ስምምነት ላትቪያን ለሶቪየት ኅብረት አሳልፎ ሰጠ፤ ቀይ ጦር በሰኔ 1940 ገባ። ሰኔ 14 ቀን 1941 በአንድ ሌሊት ከ15,000 በላይ ሰዎች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ በከብት ፉርጎ ተጭነው ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። ከሳምንታት በኋላ ናዚዎች ሲገቡ የአይሁድ እልቂት ተጀመረ። በ1941 ኅዳር 30 እና ታኅሣሥ 8 ብቻ በሪጋ አጠገብ ባለው የሩምቡላ ጫካ 25,000 ያህል አይሁድ ተገደሉ፤ የአራይስ ቡድን የሚባሉት ላትቪያውያን ገዳዮችም በእልቂቱ ተሳትፈዋል። ከመቶ ሺህ በላይ ላትቪያውያን በጀርመን ሥር በተቋቋመው ሌጂዮን፣ አብዛኞቹ በግዳጅ፣ ሲዘምቱ ሌሎች በቀይ ጦር ተሰልፈዋል። ብሔራዊ ትዝታው ራሱን በሰለባነት ብቻ ማየት የሚቀናው ቢሆንም፣ ይህ የታሪክ ክፍል እንደዚያ እንዲሆን አይፈቅድም። ሶቪየቶች ሲመለሱ በመጋቢት 1949 ከ42,000 በላይ ሰዎች ተጋዙ።

ከጦርነቱ በኋላ ሞስኮ ያስፋፋችው ኢንዱስትሪ ከሌሎች ሪፐብሊኮች ሠራተኞችን አመጣ። በ1935 ከሦስት አራተኛ በላይ የነበረው የላትቪያውያን ድርሻ በ1989 ወደ 52 በመቶ ወረደ። የሰኔው ያኒ በዓል፣ ካራዌይ በተባለ ቅመም ዘር የሚሠራው አይብ፣ የባሉጥ ቅጠል አክሊሉና እስከ ንጋት የሚነድደው እሳት ከኦፊሴላዊው የቀን መቁጠሪያ ተሰረዘ። ሰዉ ግን በየግቢው ማክበሩን አላቆመም። ተቃውሞውም የተቀሰቀሰው በወንዝ ነው። በ1986 በዳውጋቫ ላይ ሌላ ግድብ ሊሠራ መሆኑን የሚተች ጽሑፍ ወጥቶ አሥር ሺዎች ፊርማቸውን አኖሩ፤ ዕቅዱም በ1987 ተሰረዘ። ነሐሴ 23 ቀን 1989 ከታሊን እስከ ቪልኒዩስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል እጅ ለእጅ የተያያዘ የሰው ሰንሰለት ተዘረጋ። በጥር 1991 ገበሬዎች ትራክተርና ግንድ የጫኑ የጭነት መኪናዎችን ወደ ሪጋ አምጥተው ፓርላማውንና የሬዲዮ ጣቢያውን ከበቡ፤ በነሐሴ ነጻነቱ ተመለሰ።

መንግሥቱ ራሱን አዲስ ሳይሆን የ1918ቱ ሪፐብሊክ ቀጣይ አድርጎ ስለ ቆጠረ፣ ዜግነት የሰጠው ከ1940 በፊት ለነበሩ ዜጎችና ለዘሮቻቸው ነው። በዚህም 700,000 ያህል ሰዎች፣ በአብዛኛው ሩሲያኛ ተናጋሪዎች፣ ዜጋ ያልሆኑ በሚል ልዩ ሁኔታ ሥር ቀሩ። ዜግነት ለማግኘት የቋንቋና የታሪክ ፈተና ማለፍ፣ የብሔራዊ መዝሙሩንም ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ዜጋ ያልሆኑት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ቀንሶ ዛሬ ከሕዝቡ አሥር በመቶ በታች ሲሆን፣ ከ2020 ወዲህ የሚወለዱ ልጆቻቸው በቀጥታ ዜጋ ይሆናሉ። በ2012 ሩሲያኛን ሁለተኛ የመንግሥት ቋንቋ ለማድረግ የቀረበውን ሐሳብ ከመራጩ ሦስት አራተኛው ውድቅ አድርጎታል። ትልቅ ጎረቤት ላለው ትንሽ ቋንቋ ይህ ራስን የመከላከል እርምጃ መሆኑ የሚታይ ነው፤ በዚያው አገር ተወልዶ ላደገ ሩሲያኛ ተናጋሪ ደግሞ መገፋት ሆኖ መሰማቱ አይቀርም።

ላትቪያዊነት በውስጡም አንድ ወጥ አይደለም። ላትጋሌ ካቶሊክ ናት፤ በአግሎና ቤተ ክርስቲያን በየነሐሴው ምእመናን ይሰበሰባሉ፣ የራሷም የጽሑፍ ባሕል አላት። የዛሩ መንግሥት ከ1865 እስከ 1904 በላቲን ፊደል ማተምን ከልክሎባት ነበር፤ ይህም ሆኖ በ1917 በሬዜክኔ የተሰበሰቡ ተወካዮች ከሌሎቹ ላትቪያውያን ጋር ለመዋሐድ ወሰኑ። ሊቮች ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ቋንቋቸውን አፍ የፈታችበት የመጨረሻዋ ሰው ግሪዜልዳ ክሪስቲኛ በ2013 በካናዳ አርፋለች።

በ1944 ከቀይ ጦር ሸሽተው በጀርመን መጠለያዎች በኩል ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ብሪታንያ የገቡት ስደተኞች የሰንበት ትምህርት ቤቶችንና የራሳቸውን የዝማሬ በዓላት አቋቁመው ቆይተዋል። ከ1999 እስከ 2007 ፕሬዚዳንት የነበረችው ቫይራ ቪቼ-ፍሬይበርጋ ያደገችው በስደት ሲሆን፣ በካናዳ የሥነ ልቦና ምሁር ሆና ስትሠራ ዳይናዎችን አጥንታለች። ከ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባልነትና ከ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ሌላ ማዕበል ወደ አየርላንድና ወደ ብሪታንያ ሄደ። በ1990 ከ2.6 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ ወደ ዛሬው ቁጥር የወረደው ከአገር በመውጣትና በወሊድ ማነስ ነው። በ2013 የተሻሻለው የዜግነት ሕግ ለተሰደዱትና ለልጆቻቸው ጥምር ዜግነት የፈቀደው፣ በውጭ ያለው ትውልድ ከአገሩ ጋር እንዳይቆራረጥ ታስቦ ነው።