ያቺ ሲኒ ሻይ፦ ስለ ፓኪስታን ታሊባን በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ተህሪክ ኢ ታሊባን ፓኪስታን የሚባል ታጣቂ ቡድን አለ፤ በምህጻረ ቃል ቲቲፒ ይሉታል። ፓኪስታን ውስጥ ወታደርና ፖሊስ ይገድላል፣ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ድረስም ፈንጂ ይዞ ይገባል። ኢስላማባድ «መሪዎቹም ካምፖቹም አፍጋኒስታን ናቸው» ትላለች። ካቡል ደግሞ «እኛ ጋ የሉም፣ የራሳችሁ የቤት ጣጣ ነው» ብላ ትመልሳለች። እዚህ መሃል የተሳሳተ ነገር በብዛት ይወራል። ጥቂቱን እናጥራ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

«ታሊባን ያው ታሊባን ነው»

ስማቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው። የአፍጋኒስታኑ ታሊባን በ1994 ካንዳሃር ላይ በሙላ ኦማር የተጀመረ ነው። ያኔም ዓይኑ ካቡል ላይ ነበር። ቲቲፒ የተመሠረተው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2007፣ ፓኪስታን ውስጥ ነው። የመጀመሪያ መሪው የደቡብ ዋዚሪስታኑ (ከአፍጋኒስታን ጋር የሚዋሰን የፓኪስታን የጎሳ አካባቢ ነው) ባይቱላህ መህሱድ ነበር። የሚዋጋውም ከፓኪስታን መንግሥት ጋር ነው። መሪያቸውም ጠላታቸውም ይለያያል።

ግን «አይተዋወቁም» ማለትም ያው ስህተት ነው። የቲቲፒ መሪዎች ለአፍጋኒስታኑ ታሊባን አሚር የታማኝነት ቃል ገብተዋል። አሜሪካንን ጎን ለጎን ሆነው ተዋግተዋል። ሁለት ቤት የሚኖሩ ዘመዳሞች ብንላቸው ይቀርባል።

«ከአፍጋኒስታን የመጡ ወራሪዎች ናቸው»

ይሄኛው በፓኪስታን ሹማምንት አፍ በጣም ይወደዳል። ችግሩን ሁሉ ከድንበር ማዶ ስለሚያሻግረው ይመቻል። እውነታው ግን የቡድኑ ዋና ዋና ሰዎች እዚያው ፓኪስታን የተወለዱ ናቸው። አሁን የሚመራው ኑር ዋሊ መህሱድም የዋዚሪስታን ሰው ነው።

አሜሪካ በ2001 አፍጋኒስታን ስትገባ ከቦምቡ የሸሹ የአልቃይዳና የታሊባን ሰዎች ተራራውን አቋርጠው ወደ ፓኪስታን የጎሳ አካባቢዎች ገቡ። ያስጠጓቸው ነበሩ። የፓኪስታን ጦር እነሱን ፍለጋ ዋዚሪስታን ሲዘምት ከአካባቢው ወጣቶች ጋር ተኩስ ጀመረ። በጁላይ 2007 ደግሞ ኢስላማባድ መሃል ያለው፣ የታጠቁ አክራሪዎች የመሸጉበት ቀዩ መስጊድ በጦሩ ተከቦ ነገሩ በደም ተጠናቀቀ። በየመንደሩ ተበታትነው የነበሩት ቡድኖች በአንድ ጥላ ሥር የገቡት ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

ታዲያ ማዶ እንዴት ተገኙ? ጦሩ ነው የገፋቸው። በጁን 2014 ሰሜን ዋዚሪስታን ውስጥ «ዛርብ ኢ አዝብ» የተባለ ትልቅ ዘመቻ ተከፈተ። ታጣቂዎቹ ወደ አፍጋኒስታን ግዛቶች፣ ወደ ኩናር፣ ኮስትና ፓክቲካ ተሻገሩ። ኢስላማባድ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ድል ተባለ፤ ጥቃቱም በእርግጥ ቀንሶ ነበር። ችግሩ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልሞተም።

«ካቡል በታሊባን እጅ ስትገባ ፓኪስታን አሸነፈች»

ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ነበር ያሰበው። ምክንያትም ነበረው፤ የአፍጋኒስታኑ ታሊባን አመራር ለዓመታት ፓኪስታን ውስጥ ኖሯል። በሴፕቴምበር 2021፣ ካቡል ከወደቀች ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የፓኪስታን ስለላ ድርጅት ኃላፊ ጄኔራል ፋይዝ ሃሚድ እዚያው ካቡል አንድ ሆቴል ውስጥ ታዩ። እጃቸው ላይ የሻይ ሲኒ ነበር። ጋዜጠኛ «አሁን ምን ይሆናል?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ አትጨነቁ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል የሚል መልስ ሰጡ።

ደህና አልሆነም። ታሊባን ከተማዋን ሲይዝ የእስር ቤት በሮች ተከፍተው ነበር። ከወጡት መሃል የቲቲፒ ታጣቂዎች ነበሩ፤ የቀድሞው ምክትል መሪ ፋኪር መሐመድም አንዱ ነው። አሜሪካ ለአፍጋን ጦር ሰጥታው የነበረ መሣሪያ፣ የሌሊት መነጽር ጭምር፣ ሜዳ ላይ ቀረ። ከዚያው ላይ የተወሰነው በኋላ ፓኪስታን ውስጥ በተገደሉ ታጣቂዎች እጅ ተገኘ። ከ2021 በኋላ ጥቃቱ በየዓመቱ ጨመረ። የፓኪስታን ፖለቲከኞች እርስ በርስ ሲወቃቀሱ እስከ ዛሬ ያቺን ሲኒ ሻይ ያነሷታል።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ኢስላማባድም የጠበቀችው ይህንኑ ይመስላል። ሥልጣን ላይ የወጣ መንግሥት ግን የድሮ አስጠጊው ሲያዘው ደስ አይለውም።

«ካቡል ብትፈልግ በአንድ ቀን ታባርራቸዋለች»

በመጀመሪያ ካቡል «እኛ ጋ የሉም» የምትለውን እንተወው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቆጣጣሪ ቡድን በ2024 ባወጣው ግምት አፍጋኒስታን ውስጥ ከ6,000 እስከ 6,500 የቲቲፒ ተዋጊዎች አሉ። ስድስት ሺህ ሰው ተራራ ውስጥ ቢሆንም አይደበቅም።

የታሊባን ችግር ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች 20 ዓመት አብረው የታገሉ ናቸው። አሳልፎ መስጠት በፓሽቱን (ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሚኖር ብሔረሰብ ነው) ወግም በራሳቸው ተዋጊዎች ዓይንም ነውር ነው፤ የተጠጋህን እንግዳ አትሰጥም። ሌላም ስጋት አለ። በ2015 የአፍጋኒስታኑን የዳኢሽ (አይኤስ) ክንፍ ካቋቋሙት ብዙዎቹ ከቲቲፒ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው መሪውም እንዲሁ። ታሊባን ዘመዱን ቢገፋ፣ የተገፋው ሄዶ ደመኛ ጠላቱ ጋር ሊሰለፍ ይችላል። ስለዚህ ካቡል የምታመጣው ሐሳብ «ከድንበሩ አርቀን እናስፍራቸው» ወይም «ተደራደሩ፣ እኛ እናሸማግላችሁ» የሚል ነው።

ሽምግልናውም ተሞክሯል። በታሊባን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲራጁዲን ሃቃኒ አማካይነት በኖቬምበር 2021 የአንድ ወር፣ በጁን 2022 ደግሞ ገደብ የሌለው ተኩስ አቁም ታወጀ። ቲቲፒ በኖቬምበር 2022 አቋረጠው። ከጠየቀው አንዱ የጎሳ አካባቢዎቹ ወደ ድሮ አስተዳደራቸው እንዲመለሱ ነበር። አንድ መንግሥት ይህን እሺ ካለ መሬቱን በገዛ እጁ አስረከበ ማለት ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ካቡል አቅሙም ያንሳታል፣ ፍላጎቱም የላትም። ሁለቱ ሲደራረቡ የትኛው የት እንደሚያልቅ ከውጭ ሆኖ መለየት ያስቸግራል። «አንችልም» የሚለው ግን ለመንግሥት የሚመች ሰበብ ነው።

«አጥሩ ይዘጋቸዋል»

ድንበሩ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በ1893 የእንግሊዝ ህንድ ሹም ሞርቲመር ዱራንድ ከአፍጋኒስታኑ ገዥ ከአሚር አብዱር ራህማን ጋር ተፈራርሞ ያሰመረው ነው። ፓሽቱኖችን ለሁለት ከፈለ። የካቡል መንግሥታት፣ ንጉሡም ኮሚኒስቱም ታሊባኑም፣ እንደ ሕጋዊ ድንበር አልተቀበሉትም። ፓኪስታን በ1947 የተባበሩት መንግሥታት አባል ስትሆን ብቻዋን «አይሆንም» ያለችው አፍጋኒስታን ናት።

ፓኪስታን ከ2017 ጀምሮ ሁለት ረድፍ ሽቦ ተክላበታለች። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ምናልባትም ማቋረጡን አክብዶታል። ግን ካቡል እንደያዙ የታሊባን ወታደሮች አንዳንድ ቦታ ሽቦውን ሲነቅሉ ታዩ። ማዶ ያለው ጠባቂ የማያምንበት አጥር ግማሽ አጥር ነው።

«ጥቂት የአየር ድብደባ ይበቃል»

ፓኪስታን አፍጋኒስታን ውስጥ በ2022 ሞከረችው፣ በ2024 ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ በኦክቶበር 2025 ደግሞ የሁለቱ አገሮች ጦር ፊት ለፊት ተታኮሰ። ኳታርና ቱርክ ገብተው ዶሃ ላይ አስቆሟቸው። ድብደባው በተካሄደ ቁጥር ካቡል የሴቶችና የሕፃናት አስከሬን ታሳያለች፣ የቲቲፒ ጉዳይ ደግሞ ከወሬው ይወጣል።

«ፓሽቱን ሁሉ ደጋፊያቸው ነው»

ይሄ ከሁሉም ያበሽቀኛል። ቲቲፒ ከማንም በላይ የገደለው ፓሽቱኖችን ነው። ዲሴምበር 16 ቀን 2014 ብዙ ፓሽቱኖች በሚኖሩባት የፓኪስታን ከተማ ፔሻዋር ውስጥ አንድ የጦር ሠራዊት ትምህርት ቤት ገብተው ከ130 በላይ ተማሪዎችን ገደሉ። በጃንዋሪ 2023 እዚያው ፔሻዋር በፖሊስ ግቢ ውስጥ ባለ መስጊድ በሶላት ሰዓት አንድ አጥፍቶ ጠፊ ራሱን አፈነዳ። ከ80 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ፖሊሶች ነበሩ። ጣሪያው የወደቀባቸው ሰዎች የተሰለፉት ለጸሎት ነበር።

የጎሳ አካባቢዎቹ ሕዝብ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ሲገረፍ ነው የኖረው። እስከ 2018 ድረስ የሚተዳደሩት እንግሊዞች በ1901 ባወጡት ደንብ ነበር፤ አንድ ሰው ሲያጠፋ ጎሳው በሙሉ ይቀጣል። በዚያው በ2018 ወጣቶች በማንዙር ፓሽቲን መሪነት የፓሽቱን ጥበቃ ንቅናቄን ይዘው አደባባይ ወጡ። መሣሪያ አልያዙም። ጥያቄያቸው የተሰወሩ ሰዎች ይመለሱ፣ ፈንጂው ይጽዳ የሚል ነበር፤ ጦሩንም ታጣቂውንም ነው የሚወቅሱት። መንግሥት በኦክቶበር 2024 ንቅናቄውን አገደው። በነገራችን ላይ ይህን እርምጃ ብልህነት የሚለው ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

«ስደተኛውን ማባረር መፍትሔ ነው»

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አፍጋኖች ከፓኪስታን ወጥተዋል፣ ተባረዋል። ብዙዎቹ ፓኪስታን ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ጥቃቱ ግን አልቀነሰም።

«ጠቡ የጦሮቹ ነው፣ ሌላውን አይነካም»

በኦክቶበር 2025 ዋናዎቹ የድንበር መተላለፊያዎች ቶርካምና ቻማን ሲዘጉ የጭነት መኪኖች በሁለቱም ወገን ተሰለፉ። ወይን፣ ሮማንና ቲማቲም የጫኑ ነበሩ። ፍሬው እዚያው መኪናው ላይ በሰበሰ። ፓኪስታን ውስጥ አንድ ኪሎ ቲማቲም እስከ 600 ሩፒ ገባ፤ ከቀድሞው ዋጋ አምስት እጥፍ ገደማ። ከቲቲፒም ከታሊባንም ከጄኔራሎቹም ጋር ምንም የማያገናኛት የላሆር እናት ወጥ ለመሥራት ወጥታ ሁለት ፍሬ ገዝታ ተመለሰች።