የሱሞ ታጋዮች ለምን ቁጭ ብድግ ይላሉ?

ቶኪዮ ርዮጎኩ ኮኩጊካን የተባለው አዳራሽ ገብቶ ሱሞ የተባለውን የጃፓን ትግል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል። ሁለቱ ታጋዮች ቁጢጥ ብለው ይፋጠጣሉ። ሊጀመር ነው ሲባል ተነስተው ወደየጥጋቸው ይሄዳሉ፣ ጨው ይበትናሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ።

ይህ ሺኪሪ ይባላል። በከፍተኛው ምድብ እስከ 4 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 3፣ ከዚያ በታች 2 ደቂቃ ይፈቀዳል። የጊዜ ገደቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1928 ከሬዲዮ ስርጭት ጋር ነው።

የማስጀመሪያ ፊሽካ የለም። ታጋዮቹ እጃቸውን መሬት አስነክተው፣ ትንፋሻቸው ሲገጥም ራሳቸው ይጀምራሉ። ከተግባቡ ሰዓቱ ሳይሞላም ይችላሉ! ጊዜው ሲያልቅ ጥግ ያለው ረዳት ተነስቶ ፎጣ ያቀብላል፤ አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። እባክዎ ያን ጊዜ ስልክዎን አይነካኩ። ትግሉ ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ያልቃል።